ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ ካለ፦ የቤተሰቡን የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፕሮሰስ በየት በኩል ማስኬድ ይሻላል?

በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ በኩል ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። እሁድ ቢሾፍቱ ይወረዳል። ምሳ ይበላል፣ ድራፍት ይጠጣል። ማታ ልጆቹን ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዷቸው አባት ወደ ቤት ይነዳል። አንዳንዱን መንገድ ላይ ትራፊክ ያስቆመዋል። አንዳንዱ ባጃጅ ወይም እግረኛ ገጭቶ ይያዛል።

ያ ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ነገር አለው። ዲቪ ደርሶታል። ወይም አሜሪካ ያለች እህት ሞልታለች። ወይም ሚስት ካናዳ ገብታ ባሏንና ልጆቿን ለመውሰድ ወረቀት ጀምራለች። ክሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅጣቱና ስለ መንጃ ፈቃዱ ነው። ለዓመታት የተጠበቀው ፋይል ትዝ የሚለው ዘግይቶ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ ፎርም እሞላለሁ፣ ወረቀት አስተረጉማለሁ። በዚህ ጉዳይ ተደናግጠው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ቀድመው የተሳሳተ ምክር ሰምተው የመጡት ናቸው። ደላላው «ዝም በሉ፣ ማን ያውቃል?» ብሏቸዋል። ዘመድ «ለጊዜው ፍቺ አውጡ» ብሏቸዋል። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። እኔ ብሆን የቱን እንደምመርጥም እናገራለሁ።

መጀመሪያ፦ የየት ሀገር ፕሮሰስ ነው?

አሜሪካና ካናዳ ይህንን ጉዳይ የሚያዩት በተለያየ ዓይን ነው። አሜሪካ በዋናነት የምትጠይቀው ሰውየው የመጠጥ ችግር አለበት ወይ ብላ ነው። ካናዳ የምትጠይቀው ድርጊቱ በእሷ ሕግ ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ ነው። ለአንዱ ሀገር የሚሠራ ምክር ለሌላው ገደል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቶሮንቶ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ የአሜሪካ ኢንተርቪው አትግቡ፤ የዋሽንግተኑንም ምክር ይዛችሁ የካናዳ ፎርም አትሙሉ።

አሜሪካ፦ ነገሩ ወደ ሐኪም ይሄዳል

ማንም ሳይጎዳ፣ ጠጥቶ በማሽከርከር ብቻ የተቀጣ ሰው በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ብዙውን ጊዜ በወንጀል ምክንያት ቪዛ አይከለከልም። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና ነው።

ግን ሌላ በር አለ፤ እሱም ሜዲካሉ፣ ማለትም ለቪዛ የሚደረገው የጤና ምርመራ ነው። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ወይም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ የተያዘ ወይም የተፈረደበት ሰው ካለ፣ ቆንስላው ኤምባሲው ወደሚያውቀው ሐኪም ይመራዋል። ልብ በሉ፤ መያዝ ብቻውን ይበቃል። ፍርድ እስኪሰጥ አይጠበቅም።

ሐኪሙ ስለ አጠጣጡ ይጠይቃል። በሳምንት ስንት ቀን? ስንት ጠርሙስ? ጠዋት ሳይቀምስ መዋል ይችላል? ሥራ ቀርቶበት ያውቃል? ቤት ውስጥ ጠብ አለ? የደም ምርመራም ሊያዝ ይችላል። ሰውየው አንድ ቀን ሠርግ ላይ ጠጥቶ የተያዘ ከሆነና የመጠጥ ሱስ ከሌለበት፣ ሐኪሙ ያንን ጽፎ ሊያሳልፈው ይችላል። ሱስ አለበት፣ ከሱሱም ጋር ሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ባሕርይ ተያይዟል ካለ ግን ቪዛው ይከለከላል። ይህ ክልከላ ለዘለዓለም አይደለም። ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል ከመጠጥ ተላቆ መቆየቱ ከታየ በኋላ በአዲስ ሜዲካል እንደገና ይታያል።

እዚህ ላይ ሁለት ቤተሰቦችን አስቡ። አንደኛው በወንድም ወይም በእህት ፔቲሽን፣ ማለትም ዘመድ በሞላለት ማመልከቻ የሚጠብቅ ነው። ለእሱ 12 ወር መቆየት ያማል እንጂ አይገድልም። ዓመታት ጠብቋል፤ አንድ ዓመት ይጨምራል። ሁለተኛው ዲቪ የደረሰው ነው። የዲቪ ቪዛ የሚሰጠው የበጀት ዓመቱ እስኪያልቅ፣ ማለትም በፈረንጆች እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፈ ዕድሉ አብሮ አለፈ፤ የሚራዘም ነገር የለም። ጁን ላይ ሜዲካል ገብቶ «ዓመት ቆይተህ ተመለስ» የተባለ የዲቪ ባለዕድል የሚመለስበት ፋይል የለውም።

ስለዚህ በዲቪ ጉዳይ ወሳኙ ጥያቄ ዕድሉ የደረሰው ለማን ነው የሚለው ነው። ክስ ያለበት ባል ራሱ ዋናው አመልካች ከሆነ፣ እሱ ሲቆም ሚስትም ልጆችም ይቆማሉ። ሁሉም የሚገቡት በእሱ ጀርባ ነውና። ዕድሉ የደረሰው ለሚስት ከሆነ ግን ባልየው ቢከለከልም እሷና ልጆቹ መሄድ ይችላሉ። ገና የዲቪ ፎርም ለመሙላት እያሰባችሁ ከሆነ ባልና ሚስት ለየብቻ፣ እያንዳንዳችሁ ሌላኛውን አስገብታችሁ ሙሉ። ይህ ሕጋዊ ነው። ክስ የሌለበት ሰው ፎርም መኖሩ በዚህ ጊዜ ዋጋው ብዙ ነው። የቪዛ አሰጣጡ የሚቆምበትና የሚከፈትበት ጊዜም ስላለ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እዩ።

ክሱ ጠጥቶ በማሽከርከር ብቻ ካልቆመ፣ ሰው ከሞተ ወይም ከተጎዳ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቀየራል። በእኛ የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት፣ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ላይ አድርጎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። እንዲህ ዓይነት ክስ ያለበት ቤተሰብ ይህን ጽሑፍ አስቀምጦ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይፈልግ።

ካናዳ፦ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል፤ ቤተሰቡንም ይጎትታል

ካናዳ ላይ ሁሉ ነገር የሚለወጥባት አንዲት ቀን አለች፤ ዲሴምበር 18 ቀን 2018፣ በፈረንጆች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠጥቶ የማሽከርከር ከፍተኛው ቅጣት ከ5 ወደ 10 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል። አብዛኛው ሰው ገንዘብ ተቀጥቶ ይሄዳል። ኢሚግሬሽኑ የሚያየው ግን የተፈረደውን ሳይሆን ሊፈረድ የሚችለውን ከፍተኛ ቅጣት ነው። በዚያ ሚዛን ድርጊቱ «ከባድ ወንጀል» ከሚባለው ረድፍ ገብቷል። አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመውንም ድርጊት በራሱ ሕግ ሚዛን ያያል።

ከዚያች ቀን በፊት የተፈጸመ አንድ ጥፋት ብቻ ያለበት ሰው፣ ቅጣቱን ከፈጸመ 10 ዓመት ካለፈው ካናዳ በራሷ ጊዜ እንደታረመ ልትቆጥረው ትችላለች። ከዚያች ቀን በኋላ ለተፈጸመ ድርጊት ይህ ዕድል የለም። ስንት ዓመት ቢያልፍ በራሱ አይሰረዝም፤ ማመልከት የግድ ነው።

የሚመለከተው ማመልከቻ ሰዎች «ሪሃቢሊቴሽን» የሚሉት፣ ማለትም ታርሜያለሁና መግባት ይፈቀድልኝ የሚባልበት ነው። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ 5 ዓመት ሲሞላ ይገባል። ክፍያው ለከባድ ወንጀል ከ1000 የካናዳ ዶላር ይበልጣል። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ነው። የሚቆጠረው ከተያዘበት ወይም ከተፈረደበት ቀን አይደለም። የገንዘብ ቅጣቱ ተከፍሎ ካለቀበት፣ እስራቱ ካበቃበት፣ ከማሽከርከር የታገደ ከሆነ ደግሞ እገዳው ካበቃበት ቀን ነው፤ ከእነዚህ መጨረሻ ላይ ያለቀው ይወሰዳል። «እከፍለዋለሁ» እያሉ ቅጣቱን ለዓመት የሚያጓትት ሰው አምስት ዓመቱን ስድስት እያደረገው ነው። ዛሬ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአሜሪካ ባል ቢወድቅ ዋናዋ አመልካች ሚስት ልትሄድ ትችላለች ብያለሁ። በካናዳ የሙያተኛ ፕሮሰስ፣ ለምሳሌ በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ እንዲህ አይሠራም። ሚስት ነርስ ወይም አካውንታንት ሆና ነጥቧ ሞልቶ ተጋብዛ ሊሆን ይችላል። ባሏ በወንጀል የማይገባ ከሆነ ግን እሷም አትገባም። «እሱ አብሮኝ አይሄድም፣ እዚሁ ይቀራል» ብላ ብትጽፍም ያው ነው። ካናዳ የማይሄደውንም የትዳር ጓደኛ ትመረምራለች፤ እሱ ከወደቀ እሷም ትወድቃለች።

አንድ ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ያልፋል። ሚስት ቀድሞውኑ ካናዳ ከሆነች፣ ባልና ልጆች ደግሞ እዚህ ካሉ፣ ልጆቹን በአባታቸው ማመልከቻ ስር ከማስገባት ይልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ማመልከቻ መክፈት ትችላለች። አባት ለልጁ ማመልከቻ «የቤተሰብ አባል» ተብሎ አይቆጠርም። የሚቆጠሩት የትዳር ጓደኛና የልጁ የራሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የአባት ክስ የልጆቹን ፋይል አይነካም። ወጪው ይጨምራል፤ የአባትየው የስምምነት ፊርማም ያስፈልጋል። ልጆቹ ግን እናታቸው ዘንድ ይደርሳሉ። ከዚህ ሁሉ አማራጭ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ አባት አምስት ዓመቱን ቆጥሮ ይከተላል።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ለመግባት የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ግን አሳማኝ አስገዳጅ ምክንያት ይፈልጋል፤ የቤተሰብን መኖሪያ ዕቅድ በእሱ ላይ መመሥረት አልመክርም። በሰብአዊ ምክንያት ይታይልኝ ማለትም ይቻላል። ያ ደግሞ ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

መናገር ወይስ መደበቅ?

ይህን አማራጭ ያነሣሁት ሰው ስለሚያነሣው ነው እንጂ ለእኔ አማራጭ አይደለም።

የአሜሪካው ፎርም የሚጠይቀው ተይዘህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ነው፤ ይቅርታ ወይም ምሕረት የተደረገለትንም ይጨምራል። የካናዳው ደግሞ መከሰስን፣ በሂደት ላይ ያለንም ጉዳይ ይጠይቃል። በእኛ ሕግ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ከጊዜ በኋላ ፍርድ ቤት አመልክቶ መሰየም፣ ማለትም መልካም ስሙን ማስመለስ ይችላል። ለሥራና ለክብር ይጠቅመዋል፤ ከአሜሪካው ጥያቄ ግን አያድነውም።

ሰዎችን የሚያሳስተው የፌደራል ፖሊስ ማስረጃ ነው። ባልየው አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ይኸው፣ ምንም የለብኝም» ይላል። እሱ ግን ጣቢያ አንድ ሌሊት አድሯል፤ ገላን በኩል የተከፈተ መዝገብ አለው። ፎርሙ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው። ወረቀቱ ነፃ ስላለው የሆነው እንዳልሆነ አይሆንም።

መንገድ ላይ ቆሞ፣ በትንፋሽ መለኪያ ተመርምሮ፣ የቅጣት ወረቀት ተቀብሎ የሄደ ሰው በአብዛኛው «ተይዟል» አይባልም። ጣቢያ ወስደው ያሳደሩት፣ ቃሉን የተቀበሉት፣ አሻራ የወሰዱት ሰው ግን ተይዟል፤ በነጋታው በዋስ ቢለቀቅም፣ ክስ ባይመሠረትም። ካናዳ ደግሞ ፍርድ ባይኖርም ድርጊቱን መፈጸሙን የሚያሳምን ምክንያት ካገኘች ልትከለክል ትችላለች። ስለዚህ በመካከል ያለ ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ አይቶት መልሱ ይጻፍ። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ በአጭሩ፣ በቀኑ፣ በቦታው፣ በውጤቱ ጻፉት።

የመዋሸትን ዋጋ ከክሱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። በካናዳ የሐሰት መረጃ 5 ዓመት ያስከለክላል፤ በዚያ ጊዜ የመኖሪያ ማመልከቻ ማስገባት አይቻልም። አባትየው ለሪሃቢሊቴሽን የሚጠብቀው ጊዜም 5 ዓመት ነው፤ የዋሸ ሰው ያንኑ ጊዜ ከነውሸቱ ይጠብቃል ማለት ነው። በአሜሪካ ይብሳል። ለቪዛው ወሳኝ በሆነ ጉዳይ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን ይከለከላል። ይቅር የሚባልበት ማመልከቻ ቢኖርም፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ እጅግ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ማሳየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ጠጥቶ መንዳት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የሚያስቆይ ነገር ነበር፤ ውሸቱ ዕድሜ ልክ አደረገው።

አንዴ ፎርም ላይ «የለም» ብለው የጻፉ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላሉ። ኢንተርቪው ሳይደረስ ማስተካከል ይቻላል፤ ሳይጠየቁ ቀድሞ ማረምና ተይዞ ማመን እኩል አይታይም። ይህን ቶሎ አድርጉት።

አሁን መግባት ወይስ መጠበቅ?

ብዙ ሰው «ነገሩ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እናመለክታለን» ይላል። ለካናዳ ይህ አንዳንዴ ትክክል ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በገባ ማመልከቻ ቤተሰቡ ሁሉ ተከልክሎ ገንዘቡ ከሚቃጠል፣ ጠብቆ ከሪሃቢሊቴሽን ጋር ማስገባት ይሻላል።

ግን የልጆቹን የልደት ቀን አምጡና ከጎኑ አስቀምጡት። በካናዳ ልጅ ጥገኛ ሆኖ የሚቆጠረው 22 ዓመት ሳይሞላውና ሳያገባ ነው። በአሜሪካ 21 ነው፤ በአንዳንድ ፔቲሽን የጥበቃውን ጊዜ የሚቀንስ ስሌት ቢኖርም። አሁን 17 ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ካለቻችሁና አምስት ዓመት ከጠበቃችሁ፣ አባት ሲፈቀድለት እሷ ከፋይሉ ወጥታለች። ለአባት ሲባል የተጠበቀው ጊዜ ልጅቷን አስቀረ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መጠበቅ ጥሩ ምርጫ አይደለም። ልጆቹን በሌላ በር የሚያስገባ መንገድ፣ ከላይ እንዳልኩት እናት ካናዳ ካለች ለየብቻቸው፣ ዛሬውኑ መፈለግ አለበት። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ግን መጠበቅን አትፍሩት።

ለአሜሪካ መጠበቅ ሌላ ትርጉም አለው። ሰውየው በእውነት የሚጠጣ ከሆነ ጥበቃው የሚጠቅመው መጠጡን ካቆመበት ብቻ ነው። እየጠጣ የሚያልፍ ጊዜ ምንም አይቆጠርለትም። ክሱ በመጣበት ቀን ያቁም። አማኑኤል ሆስፒታልም ይሁን ሌላ የሱስ ሕክምና የሚሰጥ ቦታ ይሂድ፤ የመጀመሪያው ቀን ያለበት ካርድ ይኑረው። ጸበል የሚሄድም ብዙ ነው፣ ይሂድ፣ ብዙዎችን ጠቅሟል። ለኤምባሲው ሐኪም ግን ቀን የተጻፈበት የሕክምና ወረቀትም ያስፈልጋል። ከፕሮሰሱም ሁሉ በላይ ከኋላ ወንበር የተኙት የራሱ ልጆች ናቸው።

የወረቀት ፍቺ

ይህኛው ምክር ያናድደኛል። «ለጊዜው ተፋቱ፣ እሷ ገብታ ትስብሃለች» ይባላል። ከቤተሰብ ፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ይወጣል፤ ባልና ሚስት ግን አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ነው የሚኖሩት።

በካናዳ በእውነት የተለያየ የትዳር ጓደኛ አይቆጠርም፤ ደላላው የሚይዘው ይህችን ነው። ያልነገራችሁ ደግሞ ይህ ነው፦ መኖሪያ ለማግኘት ተብሎ የፈረሰ ትዳር ሰዎቹ በኋላ እንደገና ቢጋቡ ለስፖንሰር አይቆጠርም የሚል ደንብ አለ። ማለትም ሚስት ገብታ ባሏን ልትስብ ስትል በሩን ራሷ ዘግታዋለች። አምስት ዓመት ጠብቆ ሊገባ ይችል የነበረ አባት በዚህ ምክር ዕድሉን ያጣል። ለአሜሪካ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም፤ በሚስት ዲቪ ባል ቢወድቅ እሷን አይጎትታትም ብያለሁ። የዲቪ ፎርም ላይ ባልን አለመጻፍማ ከዚያም ይብሳል፤ ሲታወቅ ዕድሉ ለእሷም ይሰረዛል።

ስለዚህ ባልን ለጊዜው ትቶ መሄድና በወረቀት መፋታት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እውነቱን ጽፎ መለየት ነው። ዲቪ የደረሳት ሚስት ሴፕቴምበር 30 እየደረሰባት፣ ባሏ ሜዲካል ላይ ከቆመ፣ እኔ ልጆቿን ይዛ ትሂድ እላለሁ። ያስለቅሳል። ግን እዚያ ገብታ በግሪን ካርዷ ትሞላለታለች፤ ዜጋ ስትሆን ደግሞ ይፈጥናል። እሱም እስከዚያ 12 ወሩን ይጨርሳል። ሁሉም ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብለው ዕድሉ ከሚያልፋቸው ይሻላል።

ክሱን ቶሎ አምኖ መዝጋት ወይስ መከራከር?

ክስ ክፍት ሆኖ ኢንተርቪው መግባት ለማንም አይጠቅምም። ቆንስላው የመጨረሻውን ውሳኔ አምጡ ብሎ ፋይሉን ያቆማል። የካናዳውም ብዙ ጊዜ ውጤቱን ይጠብቃል። ስለዚህ «አምኜ ልገላገል» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ጥፋቱ ግልጽ ከሆነ፣ የተጎዳም ሰው ከሌለ፣ ለአሜሪካ ቶሎ መጨረሱ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ለካናዳ ከማመናችሁ በፊት ግን አንድ ጠበቃ የክስ ማመልከቻውን ያንብበው። አንዲት እናት ያመጣችውን አይቻለሁ፤ አራት ቦታ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ወረቀት። ቤተሰቡ «ጠጥቶ መንዳት ነው» ብሎ ያስባል። ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ የሚል ሁለተኛ ክስ አለ። በካናዳ ጠጥቶ ነድቶ ሰው መጉዳት እስከ 14 ዓመት፣ ሰው መግደል ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ነው። ያንን ሁለተኛ ክስ አምኖ በመፈረምና የመጀመሪያውን ብቻ አምኖ ሁለተኛውን በመከራከር መካከል ያለው ልዩነት በኋላ የሪሃቢሊቴሽን ውሳኔ ላይ ይታያል። ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ መታረቁም ተገቢ ነው፤ ይደረግ፣ ካሣውም ይከፈል። እርቁ ግን መዝገቡን አያጠፋም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጠበቃው የሚፈለገው ከመፈረም በፊት ነው።

የተከሰሰው ውጭ ያለው ሰው ከሆነ

አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተሰቡ እዚህ ምንም የለበትም፤ የተያዘው ካልጋሪ ወይም ዳላስ ያለው አባት ነው።

አሜሪካ ካለ፣ አንድ ቀላል ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ ለሚስቱና ለልጆቹ ከመሙላት አያግደውም። የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። ሾፌር ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ሲታገድ ገቢው ይወርዳል፤ ስፖንሰር ለማድረግ ደግሞ ገቢ ይታያል። ዜግነት ሊጠይቅ አስቦ ከሆነም፣ በሚታየው ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፍርድ ካለበት መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ያንን ማስተባበል የእሱ ሸክም ነው። ዜግነቱ ሲዘገይ የቤተሰቡም ተራ ይዘገያል። ሲያዝ ልጅ መኪናው ውስጥ ከነበረ ደግሞ እንደ ግዛቱ ሕግ ክሱ ሊከብድና ግሪን ካርዱን ራሱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ካናዳ ካለ፣ ዋናው ጥያቄ ዜጋ ነው ወይስ ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) የሚለው ነው። ዜጋ ከሆነ ማንም ያልተጎዳበት ጥፋት ከስፖንሰርነት አያግደውም። ፒአር ብቻ ከሆነ ግን ያ የ2018ቱ ለውጥ እሱንም ያገኘዋል። ከተፈረደበት ፒአሩን ሊያጣ፣ ከሀገር ውጣ ሊባል ይችላል፤ የመውጣት ትእዛዝ ያለበት ሰው ደግሞ ስፖንሰር መሆን አይችልም። ከ6 ወር በታች የተፈረደበት ይግባኝ አለው። እዚህ ያለችው ሚስት በስልክ «ቅጣትህን ከፍለህ ተገላገል» ከማለቷ በፊት፣ እዚያ የወንጀልም የኢሚግሬሽንም ጠበቃ ማየቱን ትጠይቀው።

ወረቀቶቹ

የከተማው ዳር ነዋሪ አንድ የራሱ ጣጣ አለው። ፖሊስ የያዘው አዲስ አበባ ውስጥ ይሁን ሸገር ከተማ ገብቶ፣ ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት መዝገቡን ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ውሳኔውም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይሆናል። የክስ ማመልከቻውን፣ የውሳኔውን ግልባጭ፣ ቅጣት የተከፈለበትን ደረሰኝና የመንጃ ፈቃድ እገዳው ያበቃበትን ማስረጃ ከዚያው ከወሰነው ፍርድ ቤትና ከትራንስፖርት ቢሮው ማህተም ያለበት ሁለት ሁለት ኮፒ አውጡ። መዝገብ ቤት ሲሄዱ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ብቻ ፈልጉልን ማለት ብዙ ያመላልሳል። ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙ። የአንቀጹ ቁጥርና ቀኑ በትርጉሙ ላይ በትክክል መስፈሩን፣ የኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ሲጻፍ አለመሳሳቱን ሁለት ሰው ይይ። የካናዳው አምስት ዓመት የሚቆጠረው ቅጣቱ ካለቀበት ቀን ነውና።